በእግር የሚነዳ ወንፊት፦ የዋ-ዋ ፔዳል አጭር ታሪክ ከካሊፎርኒያ እስከ አምስት ኪሎ

ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ድምፃውያኑን፣ የዜማና የግጥም ደራሲዎቹን፣ አቀናባሪዎቹን፣ ሸክላ ያሳተሙትን ነጋዴዎች ሳይቀር በስም እናውቃቸዋለን። ድምፁ በምን በምን አልፎ ጆሯችን እንደደረሰ ግን የጻፈልን ሰው ጥቂት ነው። አምፕሊፋየሩ ሲቃጠል ማን ጠገነው? መለዋወጫ ሲጠፋ በምን ተተካ? ከጊታር ተጫዋቹ እግር ሥር የነበረችው ያቺ ትንሽ ሣጥንስ እንዴት ነው የምትሠራው? የዘንድሮው መጽሔታችን አዘጋጆች «ከግቢ ዘመንዎ አንድ ታሪክ ይጻፉልን» ሲሉኝ፣ ስለ ካፌውና ስለ ፈተናው የሚጽፍ እንደማይጠፋ አውቃለሁና እኔ ስለዚያች ሣጥን ልጻፍ አልኩ።

ኤሌክትሪካል ለተማራችሁ አንዳንዱ ነገር የምታውቁት ይሆናል፤ ታገሱኝ። ከሕግና ከቋንቋ ክፍል የመጣችሁ ደግሞ ቁጥሩ አያስፈራችሁ፤ ከማባዛት፣ ከማካፈልና ከአንዲት ስኩዌር ሩት አያልፍም።

ሣጥኗ ዋ-ዋ ፔዳል ትባላለች። ስሟን ያገኘችው ከድምጿ ነው፤ ተጫዋቹ እግሩን ሲጭንና ሲያነሳ ጊታሩ «ዋ... ዋ...» እያለ እንደ ሰው ያወራል። በሙያው ቋንቋ ማጣሪያ ናት፣ ፊልተር። የእናቶቻችን ወንፊት ደቃቁን አሳልፎ ሻካራውን እንደሚያስቀር ሁሉ፣ እሷም ከድምፁ ውስጥ አንዱን ጠባብ ሰፈር ታጎላና የቀረውን ዝቅ ታደርጋለች። ከሌላው ማጣሪያ የሚለያት የወንፊቱ ቀዳዳ ጨዋታው ሳይቋረጥ በእግር የሚቀየር መሆኑ ነው።

የውድ ስዊች ጣጣ

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1966 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ቶማስ ኦርጋን የተባለው ኩባንያ የእንግሊዞቹን የቮክስ አምፕሊፋየሮች ለአሜሪካ ገበያ ያቀርብ ነበር። ከአምፕሊፋየሮቹ በአንዱ ላይ መካከለኛውን የድምፅ ክልል የሚያጎላ፣ ብዙ ደረጃ ያለው ማዞሪያ ስዊች ነበረ። ስዊቹ ውድ ነው። ብራድ ፕላንኬት የሚባል ወጣት መሐንዲስ ታዲያ ይህን ውድ ስዊች በርካሽ ፖቴንሽዮሜትር እንዲተካ ሥራ ተሰጠው። ፖቴንሽዮሜትር ማለት ሌላ አይደለም፤ የሬዲዮን ድምፅ ከፍና ዝቅ የምናደርግባት ያቺው ማዞሪያ ናት።

ስዊች ይዘላል፤ ከአንደኛው ደረጃ ወደ ሁለተኛው ቀጭ ብሎ ይገባል። ፖቴንሽዮሜትር ግን ይንሸራተታል። ሙዚቃው እየተጫወተ ማዞሪያዋን ሲያንሸራትቷት ማንም ያላሰበው ነገር ተሰማ፤ ድምፁ አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው መሰለ። ጊታር ተጫዋች ደግሞ ሁለት እጁም ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ወረዳውን የኦርጋን ድምፅ መቆጣጠሪያ ከነበረ የእግር ፔዳል ውስጥ ከተቱት። በቃ፣ ዋ-ዋ ፔዳል ተወለደች።

የፈጠራ መብት ማመልከቻው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1967 ገባ፤ መብቱም በመስከረም 1970 በቁጥር 3,530,224 ተሰጠ። በሰነዱ ላይ የተሰጣት ስም ረጅም ነው፤ በእግር የሚታዘዝ፣ ሳይቆራረጥ የሚለዋወጥ የሙዚቃ መሣሪያ ወረዳ እንደማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ፔዳሎች የወጡት በክላይድ ማኮይ ስም ነበር። ማኮይ ጊታሪስት አልነበረም፤ በ1930ዎቹ የታወቀ ትራምፔት ነፊ ነው፤ የትራምፔቱን አፍ በመክደኛ እየከፈተና እየዘጋ «ዋ-ዋ» ያሰኝ ነበር። ፋብሪካው አዲሱን ድምፅ በአሮጌ ስም አስተዋወቀው ማለት ነው። ከዚያ «ክራይ ቤቢ» የሚለው ስም ተከተለ። ብዙዎቹ ፔዳሎች ይመረቱ የነበረውም አሜሪካ ሳይሆን ጣሊያን ውስጥ፣ በፔስካራ ከተማ ነበር።

የቀረውን ሙዚቃ የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። ኤሪክ ክላፕተን ከክሪም ባንድ ጋር በ1967 ተጠቀመባት፤ ጂሚ ሄንድሪክስ ደግሞ አስለቀሳት። በ1971 «ሻፍት» የተባለው ፊልም ሲወጣ፣ በአይዛክ ሄይስ የመግቢያ ሙዚቃ ላይ ቻርልስ «ስኪፕ» ፒትስ ጊታሩን በዚችው ፔዳል እየቆራረጠ ተጫወተ፤ ድምፁ የዘመኑ ምልክት ሆነ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ሁሉ የመጣው ድምፅ ለመፍጠር ከተነሳ ሰው አይደለም። ከውድ ዕቃ ወደ ርካሽ ዕቃ ለመሸጋገር ከተደረገ ጥረት ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

ወደ እኛ ስትደርስ

ፔዳሏ ወደ ኢትዮጵያ የመጣችው በጥሩ ጊዜ ነው። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስን አቋቁመው ሸክላ ማሳተም በጀመሩበት፣ ባንዶች ከወታደር ቤት ወደ ሆቴልና ወደ ምሽት ክበብ በወጡበት ዘመን። አስመራ ቃኘው ጣቢያ የነበሩት አሜሪካውያን ወታደሮች ያመጡት ሸክላና የሬዲዮ ጣቢያቸው የሚያሰማው ሙዚቃም ለወጣት ሙዚቀኞች ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ የቀረጹትን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተሰኘ አልበም ያዳመጠ ሰው፣ በእኛው ቅኝት ላይ ጊታሩ «ዋ» እያለ ሲመላለስ ይሰማል። ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። መሰንቆስ ቢሆን በአንዲት የጭራ ክር ሰው ሲናገር አይደል የሚመስለው?

በ1967 ዓ.ም. ለውጡ መጣ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የምሽት ክበቡ ሕይወት ቀዘቀዘ። ባንዶቹ ግን አልጠፉም። ሆቴል የገባ ታዳሚ በሰዓት እላፊው ምክንያት መውጣት ስለማይችል እስኪነጋ እዚያው ያድራል፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። አይቤክስ፣ በኋላም ሮሃ የገነኑት በዚህ ዘመን ነው። የሁለቱም ባንዶች ጊታሪስት የነበሩት ሰላም ስዩም ደግሞ የታሪክ ትምህርት አጥንተው የዘመናዊ ሙዚቃችንን አመጣጥ የዩኒቨርሲቲ ጥናታቸው ርእስ አድርገዋል፤ መድረክ ላይ የነበረ ሰው ራሱ ወረቀት ላይ ሲያውለው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ብርቅ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ዕቃ ይበላሻል። መለዋወጫ ከውጭ ለማስመጣት ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል፤ ምንዛሪው ለጊታር ፔዳል የሚተርፍ አልነበረም። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሙዚቃ ከጀርባው ሌላ ባንድ ነበረው። መበየጃ የያዘ ባንድ።

ዝም ያለችው ፔዳል

በ1976 ዓ.ም. እኛ አምስት ኪሎ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ነበርን። ሦስት ነን። አንደኛው ጊታር ይጫወታል፤ ጊታሩ የቀበሌው ኪነት ጓድ ንብረት ስለሆነ በፊርማ ነው የሚወጣው። ሁለተኛው ከቄስ ትምህርት ቤት ተነስቶ ኢንጂነሪንግ የደረሰ፣ ነገር ሁሉ በምሳሌ የሚገባው ልጅ ነው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ መበየጃ ከያዝኩ ምሳ የሚረሳኝ።

በላቦራቶሪ አንድ ቴክኒሽያን ነበሩ። «ጋሼ» ነበር የምንላቸው፤ እዚህም እንዲሁ ልበላቸው። ሙያውን የተማሩት በሥራ ላይ ነው፤ በትርፍ ጊዜያቸው የሆቴል ባንዶችን ዕቃ ይጠግናሉ። አንድ ቀን ከዘንቢላቸው አንዲት ከባድ የብረት ፔዳል አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሯት።

«ይቺ ዝም ብላለች፤ ኑ እዩልኝ» አሉን።

ከፈትናት። ከውስጧ የወጣው መዳፍ የማትሞላ ሰሌዳ ነው። ሁለት ትራንዚስተር፣ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር፣ አንዲት ፖቴንሽዮሜትር፣ አንዲት ክብ የሽቦ ጥቅልል። ይኸው ነው። ጋሼ በሚትር ነካ ነካ አደረጉና ጥቅልሏ ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከፀጉር የቀጠነው ሽቦ ከውስጥ ተበጥሷል። እንዲህ ያለ ጥቅልል አዲስ አበባ ገበያ ላይ አይሸጥም።

ሰሌዳዋን እየገለበጥን መስመር በመስመር በእርሳስ ቀዳናት። ቅጂው ሲያልቅ ጋሼ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፤ «እሺ፣ የጠፋችው ጥቅልል ስንት ነበረች?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የተበጠሰ ሽቦ አይለካም፤ ጽሑፍም የለባትም። ግን ጥቅልሏ ብቻዋን አትሠራም። ጥቅልልና ካፓሲተር አንድ ላይ ሲሆኑ እንደ ዥዋዥዌ ናቸው፤ ሁለቱ ተስማምተው በአንድ በተወሰነ ፍጥነት ብቻ ይወዛወዛሉ። ያንን ፍጥነት ያወቀ፣ ካፓሲተሩንም ያወቀ፣ ጥቅልሏን ሳያያት ያውቃታል። ካፓሲተሩ 10 ናኖ ፋራድ እንደሆነ ላዩ ላይ ተጽፏል። የቀረው ፍጥነቱ ነው።

እዚህ ላይ ጊታሪስታችን አዳነን። ፔዳሏ ደህና ሳለች ሰምቷታል። እግር እስከ መጨረሻው ሲጫን የምታወጣውን ስለታም ድምፅ በፉጨት አስመሰለልን። እኛም ሲግናል ጄኔሬተሩን ከፉጨቱ ጋር እስኪገጥም አዞርነው፤ 2,200 ኸርዝ አካባቢ ላይ ቆመ። ወረቀት አወጣን፤ ተሰላ፤ መልሱ ወደ 500 ሚሊ ሄንሪ መጣ። ዛሬ ስለ ዋ-ዋ ፔዳል የሚጽፉ ብዙዎች ለጥቅልሏ የሚሰጡት ይህንኑ ቁጥር ነው። 500 ሚሊ ሄንሪና 10 ናኖ ፋራድ አንድ ላይ የሚወዛወዙት በ2,250 ኸርዝ ነው፤ የጓደኛችን ፉጨት ከዚያ ብዙም አልራቀችም።

ከምናለሽ ተራ የተገኘው ልብ

500 ሚሊ ሄንሪ ትልቅ ነው። በእጅ ልጠቅልል ቢሉ በመቶዎች የሚቆጠር ዙር ቀጭን ሽቦና ጥሩ የብረት እምብርት ይጠይቃል። ጋሼ ግን ሌላ መንገድ አሳዩን። «አሮጌ ትራንዚስተር ሬዲዮ ፈልጉ» አሉ፤ «ከትራንዚስተሮቹ መካከል ያለችውን ትንሿን ትራንስፎርመር አምጡልኝ።»

ምናለሽ ተራን የማያውቅ የአዲስ አበባ ተማሪ የለም። መርካቶ ውስጥ ከተማው የጣለው ሁሉ ሁለተኛ ዕድሜ የሚያገኝበት ሰፈር ነው። ሽፋኑ የተሰነጠቀ አንድ ሬዲዮ ተከራክረን ገዛን። ትራንስፎርመሯ ጣት ጫፍ ላይ የምታርፍ ናት። አንደኛውን ጥቅልሏን ከ10 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ጋር አያይዘን ኦሲሎስኮፕ ላይ ስናያት ጉብታዋ 1,800 ኸርዝ ላይ ወጣ። ይህ ማለት 780 ሚሊ ሄንሪ ገደማ ናት፤ ከሚፈለገው በላይ ወፍራለች። ችግር የለም። ጥቅልሏ ከወፈረች ካፓሲተሩን ማሳነስ ነው። 10ሩን በ6.8 ናኖ ፋራድ ተካነው፤ ጉብታው ወደ 2,190 ኸርዝ ወጣ። ፉጨቱ ተመለሰ።

የጋሼን ፔዳል በዚህ አዳንናት፤ ወደ ሆቴሏም ተመለሰች። ቅጂው ግን በእጃችን ነው። ዝም ብለን የምንቀመጥ አይነት ልጆች አልነበርንምና ሁለተኛ ሬዲዮ ገዝተን የራሳችንን ሣጥን ጀመርን።

ከአንድ ሬዲዮ ምን ያህል ነገር እንደሚወጣ ብታዩ ትገረማላችሁ። ትራንስፎርመሯን ወሰድን። የጣቢያ መፈለጊያውን መርፌ የሚጎትተውን ጠንካራ ክርና ስፕሪንጉንም ወሰድን። ፋብሪካ የሠራት ፔዳል ፖቴንሽዮሜትሯን የምታዞረው በጥርስ ብረት ነው፤ እኛ ጥርስ ብረት ስለሌለን ክሩን በፖቴንሽዮሜትሯ ዘንግ ላይ ጠመጠምነው። የዘንጉ ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሦስት አራተኛ ዙር እንዲዞር 14 ሚሊ ሜትር ክር መሳብ ይበቃል። እግር ሲጫን ክሩ ይሳባል፤ ሲነሳ ስፕሪንጉ ይመልሰዋል። የእግር ማሳረፊያው የጽድ ጣውላ ነው፤ ላዩ ላይ ጫማ እንዳይንሸራተት ከአሮጌ በረባሶ የተቆረጠ ጎማ መታንበት። ኃይሉ ከስድስት የሬዲዮ ድንጋይ ይመጣል፤ እያንዳንዱ 1.5 ቮልት ነውና ድምሩ 9።

መጀመሪያ ሰሌዳውን ያኖርነው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነበር። ለኮስነው፤ ጊታሪስታችን ገመዱን ሰካ፤ ጸጥ ብለን ጠበቅን። ጊታሩ ሳይነካ ዜና ማንበብ ጀመረ! በጥራት፣ በአማርኛ። ትራንዚስተሩ የሬዲዮ ሞገዱን ከአየር ላይ እየያዘ ራሱን ወደ ሬዲዮ መልሶታል። የቄስ ትምህርት ቤቱ ልጅ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ «ከሬዲዮ ተወልዳ ምን ታርግ! የእናቷን ቋንቋ ነው የምትናገረው» አለ። ጋሼ በማግስቱ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ሰሌዳውን በቆርቆሮው ከበብነው፤ ቆርቆሮውን ከመሬት መስመሩ ጋር በየድነው፤ መግቢያው ላይ አንዲት ትንሽ ካፓሲተር ጨመርን። ዜናው ቆመ። የ50 ኸርዙ የመብራት እምታም አብሮ ረገበ።

ጠላትን አገልጋይ ማድረግ

አሁን ወደ ወረዳዋ ብልሃት ልግባ፤ ለመምህራኖቻችን ደስ የሚላቸው ክፍል ይህ ነው።

ጥቅልሏ አትለወጥም፤ ካፓሲተሩም አይለወጥም። ታዲያ እግር ሲንቀሳቀስ ጉብታው ከ2,250 ኸርዝ ተነስቶ እስከ 450 ድረስ የሚወርደው በምን ተአምር ነው?

ጆን ሚለር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1920 ስለ ቫኩም ቱዩብ ሲያጠና አንድ የሚያስቸግር ነገር ጽፎ ነበር። በአንድ አምፕሊፋየር መግቢያና መውጫ መካከል የተገናኘ ትንሽ ካፓሲተር፣ አምፕሊፋየሩ ድምፁን እየገለበጠ ስለሚያጎላ፣ ከመግቢያው በኩል ሲታይ ብዙ እጥፍ የገዘፈ ይመስላል። ክፍል ውስጥ ስንማረው የሚለር ክስተት ሁልጊዜ ጠላት ነበር፤ ከፍተኛውን ድምፅ የሚበላ፣ ዲዛይን የሚያበላሽ፣ ፈተና ላይ የሚመጣ።

ዋ-ዋ ፔዳል ይህን ጠላት ቀጥራ ታሠራዋለች። የመጀመሪያው ትራንዚስተር ድምፁን ገልብጦ ያጎላል። ፖቴንሽዮሜትሯ ከዚያ ላይ ጥቂት ወይም ብዙ ትቆነጥራለች። ሁለተኛው ትራንዚስተር የተቆነጠረውን ተቀብሎ በካፓሲተሩ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያኖረዋል። ምንም ካልደረሰው ካፓሲተሩ ያው 10 ናኖ ፋራድ ነው፤ ጉብታው 2,250 ላይ ይቆማል። ብዙ ከደረሰው ግን ካፓሲተሩ 25 እጥፍ የገዘፈ፣ 250 ናኖ ፋራድ የሆነ ይመስላል። የ25 ስኩዌር ሩት 5 ነው፤ 2,250 ለ5 ሲካፈል 450። ያቺ የማርኳችሁ ስኩዌር ሩት ይህቺው ናት። ዕቃው ሳይለወጥ ዕቃውን መለወጥ ይሏል እንዲህ ነው።

የመጨረሻዋ ማስተካከያ በጥቅልሏ ጎን የምትቀመጠው ሬዚስተር ናት። በፋብሪካው ፔዳል ላይ 33 ኪሎ ኦም ናት፤ ጉብታው ሹል ወይም ድቡልቡል እንዲሆን የምትወስነው እሷ ነች። የእኛ ትራንስፎርመር የራሷ ብክነት ስላለባት ጉብታው ደነዘዘ። ሬዚስተሯን በ68 ኪሎ ኦም ስንተካት ድምፁ ስለት አገኘ።

ፊደል ቆጠራ

ጊታሪስታችን አንዲት ክር እየመታ ፔዳሉን ቀስ እያለ ሲጭን፣ የቄስ ትምህርት ቤቱ ጓደኛችን ከወንበሩ ተነሳ። «ቆይ ቆይ፣ ይሄ እኮ ፊደል ነው የሚቆጥረው!» አለ።

እውነቱን ነው። ሰው አናባቢ ሲያወጣ ጉሮሮው አንድ አይነት ድምፅ ይሰጣል፤ አፉና ምላሱ ናቸው ያንን ድምፅ የሚያጣሩት። «ኡ» ስንል ዋና ዋናዎቹ ጉብታዎች ከ1,000 ኸርዝ በታች ናቸው። «አ» ስንል ወደ 1,000 ኸርዝ ዙሪያ ይመጣሉ። «ኢ» ስንል ደግሞ አንደኛው ጉብታ ከ2,000 በላይ ይወጣል። ፔዳሏ የምትመላለሰው በዚሁ ክልል ውስጥ ነው። ተረከዝ ሲጫን ካዕብ፣ መካከል ላይ ራብዕ፣ ጣት ሲጫን ወደ ሣልስ። ፈረንጆቹ ድምፁን ለመጻፍ ሁለት ሦስት ሆሄ ሲደረድሩ፣ እኛ ዘንድ «ዋ» ብሎ አንዲት ፊደል ናት፤ ከንፈር አሹሎ መክፈት፤ በቃ። ማኮይ በትራምፔት፣ ፕላንኬት በትራንዚስተር፣ የኔታ በፊደል ገበታ አንዱን ነገር ነው የያዙት።

ሣጥናችን በዚያ ዓመት መጨረሻ ለግቢው የመዝናኛ ዝግጅት መድረክ ላይ ወጣች። በረባሶ የለበሰች የዘይት ቆርቆሮ ናት፤ ውበት አትጠይቋት። ግን ታወራ ነበር።

ሁለት ወረቀቶች

ጋሼ አንድ ወፍራም ደብተር ነበራቸው። በየገጹ መስመር አስምረው ይጽፉበታል፤ ቀን፣ ዕቃው፣ የመጣበት ቤት፣ ብልሽቱ፣ መፍትሔው። የትኛው ትራንዚስተር ሲጠፋ በየትኛው እንደሚተካ፣ የየትኛው ሬዲዮ ትራንስፎርመር ለምን እንደሚሆን፣ የተቀደደ ድምፅ ማጉያ በምን እንደሚለጠፍ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበረ። የእኛንም 6.8 ናኖ ፋራድ በቀይ እስክሪብቶ ሲጽፏት አይቻለሁ። የሃያ ዓመት የአዲስ አበባ ሙዚቃ ከጀርባው ሲታይ ያ ደብተር ነበር።

ጋሼ ካረፉ በኋላ ለቅሶ ሄጄ፣ ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ስለ ደብተሩ ልጃቸውን ጠየቅኋት። «የአባዬ ወረቀት ብዙ ነበር፤ ቤቱን ስናጸዳ ለባለሱቅ በኪሎ ሸጥነው» አለችኝ። ልጅቷ ምን ታድርግ? ዋጋ አለው ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም። የትራንዚስተሮቹ ዝርዝር የበርበሬ መጠቅለያ ሆነ።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነጥብ እንመለስ። ፕላንኬት ያደረገው ውድ ስዊችን በርካሽ ማዞሪያ መተካት ነበር። ጋሼ ያደረጉት የማይገኝ ጥቅልልን በሬዲዮ ትራንስፎርመር መተካት ነው። አንደኛው አዲስ ነገር ፈጠረ፣ ሁለተኛው የተፈጠረውን አቆየ፤ ልዩነቱን አልክድም። የሥራው ባሕርይ ግን አንድ ነው፤ እጅ ውስጥ ባለው ዕቃ የሌለውን ማግኘት። የአንዱ ወረቀት ግን ከነሥዕሉ፣ ከነቀኑ፣ ከነቁጥሩ ተቀምጦ እኔ እዚህ ሆኜ እጠቅሰዋለሁ። የሌላው ወረቀት የለም። ታሪካችን ውስጥ ጠጋኙ የማይገኘው ሥራው ስላነሰ አይደለም፤ መዝገቡ ስለጠፋ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሲዲዎች የዚያን ዘመን ሸክላዎች ለዓለም ሲያሰሙ ሸክላው ስለነበረ ነው የቻሉት። ሸክላ የሌለው ሙያ ምን ይሁን?

ለዚህ ነው በዚህ መጽሔት በኩል ሁለት ነገር የምጠይቀው። የዛሬ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁ ጥቅልል እንኳ ሳያስፈልጋቸው በአንዲት አይሲ የጥቅልልን ጠባይ መፍጠር ይችላሉ፤ ደስ ይላል። ከላቦራቶሪ ሥራዎቻቸው አንዷን ግን ለዚህ ስጡልኝ፤ እያንዳንዱ ተማሪ በሰፈሩ ያለ አንድ አንጋፋ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄዶ አንድ ጥገና ከነምክንያቱ ጽፎ ይምጣ። ደግሞም ከትምህርት ሰዓት ውጭ የምትከፈት አንዲት ጠረጴዛ፣ አንድ መበየጃና አንድ ኦሲሎስኮፕ አይከብድም። የቀድሞ ተማሪዎች ሆይ፣ ቤታችሁ ቁም ሣጥን ላይ፣ አልጋ ሥር፣ ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያለ ደብተር ወይም ሣጥን ያላችሁ፣ የአባታችሁም ይሁን የራሳችሁ፣ ለመገናኛው ቀን ይዛችሁ ኑ። ፎቶ እናነሳዋለን፤ እንቀዳዋለን። የተበላሸ ቢሆንም ግዴለም፤ የተበላሸውማ ይበልጥ ያስተምራል።

እኔ በበኩሌ ከጠፋው ደብተር አንዷን መስመር፣ ጋሼ በጻፉበት ሥርዓት፣ እዚህ መልሼ አስቀምጣለሁ፦

ቀን፦ 1976 ዓ.ም.። ዕቃው፦ የጊታር ዋ-ዋ ፔዳል። የመጣበት፦ ሆቴል። ብልሽቱ፦ ጥቅልሉ ከውስጥ ተበጥሷል፤ ገበያ ላይ የለም። መፍትሔው፦ የአሮጌ ትራንዚስተር ሬዲዮ ትንሿ ትራንስፎርመር፣ 780 ሚሊ ሄንሪ፤ ካፓሲተሩ ከ10 ወደ 6.8 ናኖ ፋራድ፤ የጎን ሬዚስተሩ ከ33 ወደ 68 ኪሎ ኦም። ተሞክሯል፤ ይሠራል።